ሁለተኛው ተራ

ፓኬቱን በጥርሴ ልቀድ ስል እጄ ይቆማል። በጥርስ አይቀደድም፣ በመቀስ ነው። የእህቴ ሕግ ነው። ተነስቼ ከመሳቢያዋ ትንሿን የጥፍር መቀስ አወጣና ፈሳሹ እንዳይፈስ ጫፉን ብቻ በቀጭኑ እቆርጣለሁ።

የመጨረሻው ነው። እሷ ከሞተች ጀምሮ፣ አምስት ሳምንት ሙሉ፣ ፍሪጁ ውስጥ ከእንቁላሎቹ ጎን ራሷ እንዳቆመችው ቆሞ ነበር። ዛሬ ጠዋት ጀርባውን ገልብጬ ቀኑ ሊያልፍ ሦስት ቀን እንደቀረው ባላይ ኖሮ አልነካውም ነበር። ከዚያ ሁሉ የኮሪያ ጽሑፍ ውስጥ የምናነበው ቁጥሩን ብቻ ነው።

ፊቴ እሳት ሆኗል። ለቅሶ እንዲህ ላለ ስስ ቆዳ ጠላት ነው፤ ጨዉ ያቃጥለዋል፣ ሶፍቱ ይፍቀዋል። ሁለታችንም እንዲህ ነን። ትምህርት ቤት እሷ ትልቋ ቲማቲም፣ እኔ ትንሿ ቲማቲም ነበርን። ያልተቀባነው ቅባት፣ ያልለወጥነው ሳሙና የለም። በመጨረሻ ቅላቱን ያበረደልን ይሄ አረንጓዴ ፓኬት ነው፤ ውስጡ የዓይንና የአፍ ቀዳዳ ያለው፣ ፊት ላይ የሚለጠፍ እርጥብ ነጭ ማስክ።

እሷ እያለች፣ እሁድ እሁድ ከሰዓት አንዱን ለሁለት እንለብሰው ነበር። መጀመሪያ አሥር ደቂቃ እሷ። ከዚያ ከፊቷ አላቅቃ እኔ ላይ ታለብሰኛለች፤ ከግንባሬ ጀምራ በአውራ ጣቶቿ እያስተካከለች፣ ወደ አንገቴ የሚወርደውን ጠብታ ወደ ላይ እየመለሰች። አንዲት ጠብታ አትባክንም።

«እኔ ሁልጊዜ ትርፍራፊ!» እላታለሁ ተራዬን ስጠብቅ።

«ዝም በይ፣ እያሞቅኩልሽ ነው።» ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ ነው የምትናገረው። ማስክ አድርጎ ማውራት ክልክል ነው፣ ይጨማደዳል።

«ታዲያ ፍሪጅ ውስጥ ምን ያስገባዋል? የሚያስታግሰው ቅዝቃዜው አይደል እንዴ?»

«ለኔ!»

ሳቋን ልትይዝ ስትታገል ማስኩ አፍንጫዋ ላይ ይነሳል። እሱን ካየሁ ቀኔ አማረ ማለት ነው።

አሁን በእሷ አልጋ ላይ ተጋድሜ፣ ስልኬን አሥር ደቂቃ ላይ ሞልቼ ማስኩን ፊቴ ላይ አሳርፋለሁ።

ትንፋሼ ቁርጥ ይላል። ትከሻዬ ይሰበሰባል፣ የእግሬ ጣቶች ይኮማተራሉ። እንዲህ እንደሚቀዘቅዝ አላውቅም ነበር። ልጅ ሳለሁ ጠዋት ቀዝቃዛ ውሃ ፊቴን ሲነካኝ ጎረቤት እስኪሰማ እጮህ ነበር። የምታጥበኝ እሷ ነበረች። ውሃውን በመዳፎቿ ይዛ ትቆያለች፣ እስከ ሃያ ትቆጥራለች፣ ከዚያ ነው ፊቴ ላይ የምታደርገው። ይሄን ረስቼው ነበር።

ጣራውን እያየሁ እተኛለሁ። የሚያስቀኝ የለም።

ዳክዬው ይጮኻል። የስልኬን ደወል የዳክዬ ድምፅ ያደረገችው እሷ ናት። አላጠፋውም። እጆቼ እሷ እንደምታደርገው ማስኩን ከአገጬ ሥር ይይዙና ወደ ጎን፣ ወደ ራሴ አልጋ እዞራለሁ። አልጋው ተነጥፏል። ሰው የለበትም።

በሩ ይከፈታል። እናቴ ናት፣ እጇ እስከ ክንዷ የሳሙና አረፋ ነው። ሰሃኑን ትታው መምጣቷ ነው። ዳክዬው በጮኸ ቁጥር ብቅ ብላ ነጭ ፊታችንን እያየች «እናንተ ሙቶች፣ ይሄን ዳክዬ አንድ በሉልኝ!» ትለን ነበር።

«እናን…» ትላለች። ቀሪውን ትውጠዋለች።

ዳክዬውን አጠፋለሁ።

«የሷ ነው?» ትለኛለች ማስኩን እያየች።

«የመጨረሻው።»

እጇን ቀሚሷ ላይ ትጠርጋለች። አምስት ሳምንት በአንድ ቤት ውስጥ፣ እሷ ማዕድ ቤት ቧንቧ ከፍታ፣ እኔ መታጠቢያ ቤት በር ዘግቼ ስናለቅስ፣ ፊቷን በቅጡ አላየሁትም። ቀልቷል። ከአፍንጫዋ ግራና ቀኝ፣ ልክ እንደኛ ተልጧል። ይሄ ቆዳ ከማን እንደመጣ ጠይቀን አናውቅም።

«ጋደም በይ» እላታለሁ።

«ሂጂ ወዲያ! በዚህ ዕድሜዬ ማንን ላማልል ነው?»

«ይደርቃል፣ እማዬ።»

መነጽሯን ታወልቃለች። በእኔ አልጋ ላይ፣ ጫማዋ አንሶላውን እንዳይነካ እግሯን ወደ ውጭ አድርጋ ትጋደማለች። ማስኩን ከፊቴ አላቅቄ ከግንባሯ ጀምሬ አለብሳታለሁ፤ በአውራ ጣቶቼ፣ ቀስ እያልኩ።

«ይሞቃል» ትላለች ገርሟት።

«አታውሪ፣ ይጨማደዳል።»

ከዓይኗ ቀዳዳ ጥግ አንዲት ጠብታ ወደ ጆሮዋ ትወርዳለች። በአውራ ጣቴ እመልሳታለሁ። ሌላ ትከተላለች፣ እሷንም።

በሁለቱ አልጋዎች መካከል ወለሉ ላይ ተቀምጬ እጠብቃለሁ። እርጥብ ፊቴን አየር እየነካው ይቀዘቅዛል።