ድፍኑ ጥይት

አዳኙ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ተቀምጦም ንዴቱ አልበረደለትም።

"ያ ለአደን የመጣ ደንቆሮ ፈረንጅ!" አለ፣ የቀረበለትን ንፍሮ ገፋ አድርጎ። "ለጎሽ ጫፉ ለስላሳ ጥይት ካላጎረስኩ ብሎ ሙጭጭ አለ። እሱ እኮ ቆዳውን እንዳለፈ ይጨፈለቃል! ለድኩላ እንጂ ለጎሽ ይሆናል? ከእጁ ነጥቄ ወረወርኩትና ጫፉ ጠንካራውን፣ ድፍኑን ጥይት አጉርሼ ራሴ ተኮስኩ። በአንዱ ጎኑ ገብቶ በሌላው ወጣ! አጥንት እንኳ አያቆመውም። ምን ዋጋ አለው፣ አውሬው ዳንጊሶን ቀድሞ ወግቶት ነበር።"

ለቀስተኛው ከንፈሩን መጠጠ። ዳንጊሶ የአዳኙ ዱካ ፈላጊ ነበር፤ ከተቀበረ ገና ሁለት ቀኑ ነው። የሟቹ ሚስት ከተቀመጠችበት ጥግ ቀና አለች።

"ጋሼ፣ ሲተኩሱ ዳንጊሶ በየት በኩል ነበር?"

"ከጎሹ ማዶ፣ ቁጥቋጦው ውስጥ" አለ አዳኙ ሳያስበው።

"ሬሳውን ያጠበው ወንድሜ ነው" አለች። "ቀንድ የወጋው ቦታ ፈልጎ ፈልጎ አጣ። ደረቱ ላይ ያለው ቀዳዳ ከትንሿ ጣቴ አይሰፋም።"