ጤነኛ ነኝ

የወንድሟን የሆስፒታል ካርድ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ፖሊስ ጣቢያ ደረሰች። ሳጅኑ ካርዱን ሲያይ ፊቱ ፈካ አለ።

«እንኳን አመጣሽው፣ እህቴ። ወረዳችን አሁን ታሞ ያጠፋን ሰው ወደ ሕክምና እንጂ ወደ እስር ቤት አይልክም። ሕመሙን የሚመሰክሩ ሁለት ጎረቤቶች ብቻ ጥሪልኝ።»

ሕመሙን ከሰፈሩ ሰው ደብቃ ነው የኖረችው፤ እሁድ ደግሞ እሷን ለትዳር የሚጠይቁ ሽማግሌዎች ይመጣሉ። እብድ ካለበት ቤት ማን ያገባል?

«እጠራለሁ» አለች።

ጣቢያው ውስጥ ሦስት ቀን ሙሉ ከግድግዳ ጋር ሲጣላ የሰነበተው ወንድሟ ጥግ ካለው አግዳሚ ላይ ተነሣ። የሸሚዙን ቁልፎች አንድ በአንድ ቆለፈ።

«ጌታዬ፣ ካርዱ የድሮ ነው። እኔ ጤነኛ ነኝ። የሱቁን መስታወት የሰበርኩት ሰክሬ ነው።»

«ውሸቱን ነው!» ብላ ጮኸች። «ጋሼ፣ ምን ነካህ? ይፈርዱብሃል እኮ!»

ሳጅኑ ግራ ተጋብቶ ሁለቱንም አየ። «ራሱ ሕክምናውን እምቢ ካለ በግድ አልልከውም።»

ወንድሟ ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አለ።

«ሽማግሌዎቹ ከጠየቁሽ፣ አረብ አገር ሄዷል በያቸው፣ እታለም።»