ከመስታወቱ ወዲህ

ምድር ለመቃብር ቦታ ካጣች ወዲህ የሟች አጥንት ይፈጫል፤ በዱቄቱ ላይ ኮራል የሚባለው ድንጋይ መሳይ የባሕር ፍጡር ይተከልና ቤተሰብ በመስታወት ገንዳ፣ በጨው ውሃ ያኖረዋል። የወይዘሮ ምንትዋብ ባል ደመላሽም ሐምራዊ ኮራል ሆኖ ሳሎን ውስጥ፣ ድሮ ወንበሩ በነበረበት ጥግ ይኖራል። ሰሞኑን ግን ታሞ አንድ ጎኑ እንደ ኖራ ነጥቷል።

የኮራል ሐኪሟ ፍሬሕይወት ወደ ገንዳው ጎንበስ አለች።

"ጋሼ ደመላሽ፣ ማን አስኮረፈዎት?" ስትል ቀለደች። ከውሃው ቀድታ ስትመረምር ግን ቀልዱን ተወችው። "እትዬ፣ ውሃው ውስጥ ቅባት አለ። እጁን የሚያስገባ ሰው አለ እንዴ?"

"ለቅሶ ደራሾች ናቸው። ሰላም ሊሉት።"

"ለቅሶ ደራሽ ከቀረ እኮ ከረመ። ይሄ የትናንት ነው።"

ምንትዋብ ጽጌረዳ ጽጌረዳ የሚሸት እጇን ነጠላዋ ውስጥ ሸሸገች። ደመላሽ በሕይወት ሳለ ያን የእጅ ቅባቷን ይወድ ነበር፤ መዳፏን አፍንጫው ላይ አድርጎ ነበር እንቅልፍ የሚወስደው።

"ከእንግዲህ ከተነካ አይተርፍም" አለች ሐኪሟ ቀስ ብላ። "የግድ ከሆነ ጓንት አለ።"

"እኔና እሱ በጓንት ተጨባብጠን አናውቅም።"

ሐኪሟን እስከ በር ሸኝታ ተመለሰች። እጇን በሳሙና ደጋግማ ታጠበችና መዳፏን ከመስታወቱ ውጭ፣ በነጣው ጎን ትይዩ አሳረፈች። የኮራሉ ጣት መሳይ ጥቃቅን ክሮች ከውስጥ ተከፈቱ፤ ወደ መዳፏ ተዘርግተውም መስታወቱን ይዳስሱ ጀመር።

ምንትዋብ እጇን አነሳች፤ ጣቶቹ እስኪሰበሰቡም ቆማ ጠበቀች።

አልተሰበሰቡም፤ መዳፏ የነበረበትን ቦታ መዳሰሳቸውን ቀጠሉ።