ሆልሮይድ ታላቁ፣ ሆልሮይድ ታናሹ

ገጹን ገልጬ ስማችንን ሳይ ክው አልኩ።

የቅጣት መዝገብ ነው። ትምህርት ቤታችን መቶኛ ዓመቱን ሲያከብር የታሪክ መምህርቷ ሚስስ ፔገም ከሳጥን አውጥተው ጠረጴዛ ላይ ዘርግተውታል። የቀድሞ ተማሪ ሁሉ በአንድ እጁ ሻይ ይዞ የገዛ ጥፋቱን እየፈለገ ይስቃል። እኔም ልስቅ ነበር የመጣሁት።

በኛ ጊዜ አስተማሪ የሚጠራን በቤተሰብ ስም ነበር። ወንድማማቾች ከሆናችሁ ታላቁና ታናሹ ተብላችሁ ትለያላችሁ። ክላይቭ ሆልሮይድ ታላቁ፣ እኔ ሆልሮይድ ታናሹ።

አስራ አራት ዓመቴ ሳለ የክሪኬት ሜዳው የእንጨት ቤት ተቃጠለ። ያቃጠለው የኔ ሲጋራ ነው። ደወል ሲደወል ከቤቱ ሥር ወርውሬው ሮጥኩ፤ ጭሱን ከክፍሌ መስኮት ሳይ ገባኝ። የተባረረው ግን ክላይቭ ሆነ፣ ሊድስ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ሊማር ተቀብሎት የነበረው ክላይቭ። የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ታናሹ ለማለት ታላቁ ብሎ ጽፎ ነው አልኩ ለራሴ። እንዲህ ያለ ስህተት በየሳምንቱ ነበር፤ የሱ ደብተር ለኔ ይመጣል፣ የኔ ልምጭ እሱ ላይ ያርፋል። ፈራሁና ዝም አልኩ። ከዚያ ዝምታውን ለመድኩት። ሐኪም የሆንኩት እኔ ነኝ። እሱ ሃሊፋክስ ከተማ ውስጥ አርባ ዓመት አውቶቡስ ነዳ።

አሁን የርዕሰ መምህሩ እጅ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ «የሜዳው ጠባቂ ሲሮጥ ያየው ሆልሮይድ ታናሹን ነው። ከምሳ በኋላ ሆልሮይድ ታላቁ ማንም ሳይጠራው መጥቶ እኔ ነኝ አለ። ሦስት ጊዜ ጠየቅሁት። አላመንኩትም። ታናሹን እንዳልጠይቀው ለመነኝ።»

የጌታ ያለህ! ሃምሳ ዓመት ሙሉ ያላከክሁት በአንድ ምስኪን ጸሐፊ ነው።

«ዶክተሩ! ምነው ገረጣህ? ሳንድዊቹ ነው እንዴ?» ክላይቭ ሳህኑን ይዞ መጣ። በትከሻዬ ላይ አጎንብሶ አነበበና፣ «ወይ ሽማግሌው! አትጻፈው ብዬው ነበር እኮ» አለ።

«ለምን ክላይቭ?» አልኩት።

«ምን ለምን አለው? ሲጋራህን ወርውረህ ስትሮጥ አየሁህ። ያንተ ጣጣ መሆኑን እንኳ ሳታውቅ! አንጀትህን አውቀዋለሁ፤ ድመታችን ስትሞት ሳምንት እህል ያልቀመስክ ልጅ። ብታውቅ ኖሮ አለቀልህ። እንዳታውቅ ብዬ ነው።» ሳቀ፤ ከልቡ ደስ ብሎታል። «ይኸው፣ ሃምሳ ዓመት ለጥ ብለህ ተኛህ።»

እዚህ ላይም ዝም ማለት እችል ነበር።

«አውቅ ነበር» አልኩት።

«ምኑን?»

«ሲጋራዬ መሆኑን። ያኔውኑ፣ ጭሱን እንዳየሁ።»

ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ደርቆ ቀረ። ሳህኑን አስቀመጠ። ዙሪያችን ሰው ይንጫጫል።

«እናታችን» አለኝ ቀስ ብሎ፣ «ያን ቤት ለምን አቃጠልክ እያለችኝ ነው እኮ የሞተችው። አንተም አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጠህ ነበር።»