ዓይኑ ዓ

«ይኼማ ራሱን ተላጭቷል» ይላል ብሩክ፣ ስክሪኑን እያየ። የኮምፒውተሩ መጻፊያ፣ ዎርዱ፣ ተከፍቷል፤ ከላይ የነበሩት ምልክቶች ግን በሙሉ የሉም። ፊደል ማተለቂያው የለም፣ ማተሚያው የለም፣ ጀማለዲን እንዲመቸው ብሎ በረድፍ የደረደራቸው አንዳቸውም አልቀሩም። የሚታየኝ ነጭ ወረቀት ብቻ ነው።

ሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር። ዛሬ አልችልም። ባሌ ጀማለዲን ሞቶ፣ ዒዳዬን፣ የሐዘን ወራቴን፣ ቤት ተቀምጬ ጨርሼ የጽሕፈት ሱቃችንን ስከፍት ይህ የመጀመሪያዬ ነው። የምጽፈውም የሰው ማመልከቻ አይደለም፤ የራሱን የጀማለዲንን የዱዓ ጥሪ ነው። እናቱ አደ ዓይሻ ከፎቶ ኮፒው አጠገብ ተቀምጠው ይጠብቁኛል። ጥሪውን ሰንበቴ ከተማ ላሉት ዘመዶቻችን የሚያደርስልን ሚኒባስ መናኸሪያ ቆሞ ሰው እየሞላ ነው።

ብሩክ ጎረቤታችን ነው፤ ሞባይልና ኮምፒውተር ይጠግናል። ከጀማለዲን ጋር ሲተራረቡ ነበር የሚውሉት። አሁን ቀልዱ አፉ ላይ ደርቆበት ያልነካው ቁልፍ የለም። አጥፍቶ አበራው። ተደብቆ እንደሆነ ብሎ በየጓዳው ፈለገው። አልመጣም።

«ሳጂዳ» ይለኛል፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የቀረኝ አንድ መላ ነው። ዎርዱን አጥፍቼ እንደ አዲስ ልጫነው። ምልክቶቹ ይመለሳሉ። ጀማል ያስለመደው ነገር ግን በሙሉ ይሄዳል።»

«ምን ነበር ያስለመደው?»

«ምኑን አውቄው። ሥራ በቀዘቀዘ ቁጥር ይጎረጉረው አልነበር? ‹ይኼ ማሽን አዲስ አበቤ ነው፣ ከሚሴን ላስለምደው› እያለ።»

ይል ነበር። ሰምቼዋለሁ፣ ስቄበታለሁም፤ ምን እንዳስለመደው ግን ጠይቄው አላውቅም። ልብሱን ለሰደቃ ስሰጥ እንኳ እንዲህ አልሆንኩም። ልብስ ዝም ብሎ ይሰቀላል። እሱ የሠራው ሆኖ አሁንም የሚሠራ ነገር የቀረኝ እዚህ ውስጥ ብቻ ነው።

«ሌላ ቦታ አስቀምጠህ ብትመልስልኝስ?»

«የተበላሸው እሱው ነው። እሱን ከመለስኩት ብልሽቱም አብሮ ይመለሳል።» ይህን ሲል ፊቴን አያይም።

«ያ ኢንተለኮ» ይላሉ አደ ዓይሻ ከወንበራቸው፤ ልጄ ሆይ ማለታቸው ነው። «መኪናው ጥሎን እንዳይሄድ። ምን ሆናችሁ?»

«ምንም አደ። ማሽኑ ትንሽ አሞት ነው።»

«አብሽሪ፣ አላህ ያሽረዋል።»

ብሩክ እጁን ማውሱ ላይ አድርጎ ይጠብቀኛል። «አጥፋው» እለዋለሁ።

እስኪጨርስ ፊቴን ወደ መንገዱ አዞራለሁ። ባጃጆች ይጮኻሉ፤ ከጨፋ ሮቢት የመጣ ማሽላ ከአይሱዙ ላይ ይራገፋል። ዘወር ስል ምልክቶቹ ሁሉ በቦታቸው ቆመዋል። አዲስ ናቸው፣ የማንም አይደሉም። ብሩክ «ካስቸገረሽ ጥሪኝ» ብሎ ይወጣል።

እንደ ልማዴ ቶሎ ቶሎ እጽፍና አትማለሁ። አደ ዓይሻ ወረቀቱን ተቀብለው ወደ በሩ ብርሃን ያዞሩታል። ንባብ የለመዱት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ በጣታቸው እየተከተሉ አንድ በአንድ ይሄዳሉ። ስማቸው ጋ ሲደርሱ ጣታቸው ይቆማል።

«ይኼ እኔ አይደለሁም።»

«እርስዎ ነዎት እንጂ አደ። ‹እናቱ› ይላል እኮ።»

«በአልፋው አ ነው የጻፍሽኝ። የኔ ስም በዓይኑ ነው የሚጀምረው፤ በዐረብኛውም በዓይን ነው። ይህን ለጀማሌ በልጅነቱ ነግሬው አንድ ቀን ስቶብኝ አያውቅም። አንቺም ብትሆኚ ስተሽብኝ አታውቂም ነበር።»

እውነታቸውን ነው፣ ስቼ አላውቅም። በዓይኑ ዓ ጽፌም አላውቅም። እስከ ዛሬ የምጽፈው በአልፋው ነው፤ ለእጄ ይቀርበኛል። ወረቀቱ ላይ የሚወጣው ግን ትክክለኛው ነበር፤ እኔም የጻፍኩት እኔ እየመሰለኝ ለእናቱ እሰጣለሁ፣ እሳቸውም ይመርቁኛል። ለካ ማሽኑን አስለምዶ ከሥር ከሥሬ ሲያርምልኝ የኖረው እሱ ነው። «ሳጂዳ ተሳሳትሽ» ብሎኝ እንኳ አያውቅም።

«ቆይ አደ፣ አስተካክለዋለሁ።»

ገጹን ደህና አድርጌ የማየው አሁን ነው። ድሮ አይቼው የማላውቀው ቀይ መስመር በየስሙ ሥር ተጋድሟል። ማሽኑ የማያውቀውን ቃል እንዲህ ያሰምርበታል፤ ይህንንም ያጠፋልን የነበረው እሱ መሆን አለበት። ሰንበቴን አያውቅም። እኔን አያውቅም። ጀማለዲን የሚለው ላይ ስጫን እንዲህ ያለ ቃል የለም ይለኛል።

«ነበረ እኮ» እለዋለሁ፣ ቀስ ብዬ።

«ምን አልሽ?» ይላሉ አደ ዓይሻ።

«ምንም፣ ከማሽኑ ጋር ነው።»

ፊደሏን አርሜ እንደገና አትማለሁ። ቀስ እያሉ ያነባሉ፤ በልጃቸው ስም ላይ አልፈው እስከ ራሳቸው ስም ይደርሳሉ። «አሁን እኔ ነኝ» ብለው ወረቀቱን በሻሻቸው ጫፍ ይሸፍኑታል፤ ወደ መናኸሪያው ይቸኩላሉ።

ወረቀቱ ንጹሕ ነው። ቀዩ መስመር አይታተምም። እሱን የማየው ስክሪኑ ፊት የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ።