የሚሞቀው ሣጥን

የአቶ ደምመላሽ ሰው ሠራሽ ልብ የሚመታው ራስጌያቸው ካለው አሮጌ ሣጥን ያለ ሽቦ በሚደርሰው ኃይል ነው። ከተማው የኃይል ስርጭቱን ልባቸው ወደማይቀበለው አዲስ ሞገድ ካዞረ ወዲህ ከዚህ ክፍል ውጭ እሳቸውን የሚያኖር ሞገድ የለም። ለአዲሱ ሞገድ ኃይሉን የሚልከውን ትራንዚስተር በፍጥነት የሚያበራና የሚያጠፋውን ሰርኪዩት የነደፈችው ልጃቸው ትርሲት ናት።

የአሮጌው ሣጥን ሰርኪዩት ደክሟል። ማብራት ማጥፋቱ በዘገየ ቁጥር ትራንዚስተሩ ይግላል፤ በመጨረሻም ይቃጠላል። መለዋወጫ ፍለጋ ያላንኳኳችው በር የለም።

ጠዋት ስትገባ አባቷ ጋቢያቸውን ሣጥኑ ላይ ዘርግተውታል።

“ነይማ ንኪው” አሏት። “ድሮ እንደ በረዶ ነበር። ዘንድሮ አዘነልኝ መሰለኝ፣ ከቀን ወደ ቀን እየሞቀልኝ ነው።”

ትርሲት ጋቢውን አንስታ ትከሻቸው ላይ ደረበችላቸው።

“እውነትም ይሞቃል፣ አባዬ” አለች።