የተዋሰው ትንፋሽ

የታክሲ ሹፌሩ የስብከቱ ሦስተኛ ዐረፍተ ነገር ላይ ቆም ይላል። ግራ እጁን የመድረኩ ጠርዝ ላይ ያሳርፋል፣ አየር ይስባል። ቀኝ እጁ ወደ ዓይኑ ይወጣና መነጽር እንደሚያወልቅ ሰው አየሩን ይቆነጥጣል። መነጽር አድርጎ አያውቅም።

በባዶው አዳራሽ የመጨረሻ ረድፍ ላይ የተቀመጠው መጋቢ የራሱን መነጽር ያወልቃል። ያወለቀውን ለአፍታ ያየውና መልሶ ያደርገዋል።

“ጉድ ነው” ትላለች ባለቤቱ፣ አጠገቡ የፕላስቲክ ወንበር እየደረደረች። “ቁርጥ አንተን። የቀረው ሳልህ ብቻ ነው።”

መድረኩ ላይ ሹፌሩ አፉን በቡጢው ሸፍኖ ይስላል።

“እሱም መጣ።”

መጋቢው አይስቅም። ነገ የቤተ ክርስቲያኗ ሽማግሌዎች ይህን ሰው ሰምተው አዲሷን አጥቢያ ይምራ ወይም አይምራ ይወስናሉ። ሲመክረውና ሲያሠለጥነው የኖረው እሱ ነው። አሁን የሚሰማው ግን የራሱን ድምፅ ነው፤ በሌላ ሰው ደረት ውስጥ።

ያገኘው ታክሲው ውስጥ ነበር። ከኋላ የተቀመጠች ሴት ስልክ አንስታ ማልቀስ ጀመረች። ሹፌሩ ዳር ይዞ ሞተሩን አጠፋ፣ ወደ ኋላ ዞረና ጥቂት ቃል ነገራት። መጋቢው ቃሉን ዛሬ አያስታውሰውም። ድምፁን ያስታውሳል፤ ትንሽ ሻካራ፣ የማይቸኩል፣ ለእሷ ብቻ የተነገረ። “ና፣ ላስተምርህ” ያለው ያኔ ነው። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ እዚህ ረድፍ ላይ ተቀምጦ ያንን ድምፅ ይጠብቃል።

“እንዴት ነው፣ ጋሼ?” ይላል ሹፌሩ ከመድረኩ እየወረደ።

“ሦስተኛው ላይ ለምንድነው የምትቆመው?”

“ሰው እንዲያስብበት ነዋ። እርስዎ እንደሚያደርጉት።”

“እኔ የምቆመው ትንፋሽ ስለሚያጥረኝ ነው።”

ሹፌሩ ሊስቅ ይልና የመጋቢውን ፊት አይቶ ይተወዋል። “መነጽሩስ?”

“ላብ ነው የሚጋርደኝ።”

“ጉባኤው መንፈስ ነክቶት ነው ይላል” ትላለች ባለቤቱ። “እኔ ደግሞ መሐረብ ያዝ ብዬ ሰለቸኝ።”

“በል እስቲ” ይላል መጋቢው። “በራስህ አፍ ንገረኝ። በስብከትህ ያሉት ዓሣ አጥማጆች ምን ሆኑ?”

ሹፌሩ ይቆማል። “የተወደዳችሁ” ብሎ ይጀምርና ይተዋል። ከንፈሩን ያርሳል። “ጋሼ፣ በራሴ አፍ ካወራሁማ መናኸሪያ ነው የሚሆነው። እርስዎ አይደሉም እንዴ፣ ይኼ አነጋገር ለመድረክ አይሆንም ያሉኝ?”

ብሎታል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፣ ደጋግሞ።

የአዳራሹ ዘበኛ ብቅ ይላል። “የእኔ ልጅ፣ ያቺን ታክሲ ከበሩ ፈቀቅ አድርግልኝ፣ ሰው መግቢያ አጣ።” ሹፌሩ እንደ ተገላገለ ሰው ፈጥኖ ደረጃውን ይወርዳል፣ ዘበኛውም ይከተለዋል።

በተከፈተው መስኮት ሞተሩ ሲነሳ፣ ትንሽ ሄዶ ሲጠፋ ይሰማል። ከዚያ የመኪና በር፣ ከዚያ የሹፌሩ ድምፅ።

“ምነው አባባ፣ ዛሬ ፊትዎ ጠቆረሳ?”

“ልጄ ነዋ። ከተኳረፍን ወዲህ ስልክ አያነሳም። ብደውል፣ ብደውል… አሁንስ ተውኩት።”

“እኔ ልንገርዎት። አንዳንድ ቀን ከንጋት ጀምሬ እዞራለሁ። ወንበሩ ባዶ፣ ነዳጁ ብቻ ያልቃል። በቃኝ ብዬ መሪውን ወደ ቤት ሳዞር፣ እስቲ አንዴ ብቻ ተመለስ የሚል ነገር ይመጣብኛል። ምን ላገኝ ብዬ እነጫነጫለሁ። ግን እመለሳለሁ። እነዚያ ዓሣ አጥማጆችም እንደኔና እንደርስዎ ናቸው፤ ሲለፉ አድረው ባዶ እጃቸውን ወጥተዋል፣ መረቡን ሁሉ አጥበዋል። ጌታ መጥቶ ሌላ ባሕር አልሰጣቸውም እኮ፣ አባባ። ወደዚያው ነው የመለሳቸው። ባዶ እጃቸውን ወደ ሰደዳቸው ባሕር።”

አንድም ቦታ ላይ አልቆመም።

መጋቢው ሳያውቀው ተነስቶ መስኮቱ ጋ ደርሷል። ባለቤቱ ቀድማው እጇን ወደ መዝጊያው ትልካለች። “ነፋሱ ለደረትህ አይሆንም።”

“ተይው” ይላል፣ እጇን ይዞ።

ስሙን ጠርቶ፣ ነገ ይኼን፣ ይኼንኑ አምጣ ሊለው አፉን ይከፍታል። ግን ቢጠራው ሹፌሩ ቀና ሲል በሐሳቡ ይታየዋል፤ ወዲያው ትከሻውን ሲያስተካክል፣ ጉሮሮውን ሲጠርግ። መጋቢው አፉን ይዘጋል።

“ባያነሳስ?” ይላል ዘበኛው ከታች።

“ባያነሳ ነገ ደግሞ ይደውላሉ። እስቲ አሁን ይሞክሩት፣ እኔ አልሄድም።”

ዘበኛው ስልኩን ከኪሱ ያወጣል፣ ቁጥሩን ፈልጎ ይነካል፣ የስልኩን ድምፅ ከፍ ያደርጋል። ሹፌሩ አጠገቡ ግድግዳውን ተደግፎ አንገቱን ደፍቷል። ስልኩ ይጠራል። ላይ፣ መስኮቱ ጋ፣ ባልና ሚስት እጅ ለእጅ እንደተያያዙ ጥሪውን ያዳምጣሉ።